አጠገብሽ ማን ተቀመጠ?

አገራችን ስም አላት። ይሁንና ስሟን የሚጠራ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ማጨብጨብ አለበት፤ እኔ ደግሞ ገመድ ገማጅ ነኝ፣ ይህን ሳወራም ሁለቱ እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሳልጠራት ልለፍ። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ብዙ አልቀረበትም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከወንበሩ እጀምራለሁ። የከተማችንን ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበሮች የሠራው አናጢ ሁሉንም ለሁለት ሰው አድርጎ ሠራቸው። ለምን ለሁለት እንዳደረጋቸው የጠየቀው የለም፤ እንጨቱ እንደዚያ ተቆርጦ ደርሶት ይሆናል። አናጢው ከሞተ በኋላ ግን ነገሩ ሥርዓት ሆነ። ልጅ ብቻውን ከተቀመጠ ወንበሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ያዘነበለ ወንበር ደግሞ ያዘነበለ ዕውቀት ያመጣል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ልጅ የሚቀበለው በጥንድ ብቻ ነው። ጥንድ የሌለው ልጅ ጎዶሎ ይባልና ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በአንድ ወንበር አብሮን የተቀመጠውን ሰው “ጎን” እንለዋለን። ሰው አድጎ ሥራ ሲፈልግ የወንበር ሹም ፊት ይቀርባል። ሹሙም “አጠገብህ ማን ተቀመጠ?” ብሎ ይጠይቀዋል። ጎኑ ይጠራል፣ ወንበር በመዳፉ መትቶ “አጠገቡ ተቀምጫለሁ” ብሎ ይምላል፣ አለቀ። ምን ተማርክ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሰው ቤቱ የበላውን እንደ መጠየቅ ይቆጠራል።

የእኔ ጎን ማንያዘዋል ይባላል። ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነው የተማረው። የቀኝ ትከሻዬ ዛሬም ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ልብስ ሰፊዎች ይቸገሩበታል። እሱ ለእኔ ማለ፣ እኔም ለእሱ ማልሁ። እኔ ገመድ ገማጅ ሆንሁ፤ እሱ ደግሞ ሲሳሳት ያየው ሰው ስላልነበረ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ የወንበር ሹም ሆነ። የተኛ ሰው ምን ብሎ ይሳሳታል? ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባጠረ።

ባለቤቴ አንጓች መንታ ወለደች፤ ትዋብንና ይታገሱን። ሰፈሩ ቀናብን። “ወንበራቸውን ይዘው ተወለዱ” አሉን፤ ጥንድ ፍለጋ የሰው ደጅ መጥናት የለ፣ ምን የለ። ትምህርት ቤት ሊገቡ ክረምቱ እስኪወጣ ስንጠብቅ ትኩሳት ገባና ይታገሱን ወሰደው። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። ስጀምር ገመዱ ከእጄ ይፈታል።

ሐዘኑ ሳይወጣ ትዋብን እጇን ይዤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምሁ። ልጅ የሚቀበለውም የወንበር ሹሙ ነውና ማንያዘዋል ከውስጥ መጣና አቀፈኝ፤ ከልቡ አለቀሰ።

“ጎኔ፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው” አለ ዓይኑን እየጠረገ። “ግን ልጅቱ ጎዶሎ ናት። ጥንድ ይዘህ ና።”

“ጥንዷን ቀበርነው እኮ።”

“አውቃለሁ፤ ቀብሩ ላይ ነበርሁ። ሌላ ፈልግላት።”

ፈለግሁ። በከተማው ጎዶሎ ልጅ ሞልቷል፤ ግን የሰፈራችን ወንበር ለሰፈራችን ልጅ ብቻ ነው፣ በእኛ ሰፈር ደግሞ በዚያ ዓመት የቀረች ጎዶሎ ትዋብ ብቻ ነበረች። ከወንዝ ማዶ እንደ ትዋብ ጎዶሎ የሆነች አንዲት ልጅ ብቻዋን ቁጭ ብላ በወንፊት ውሃ ስትቀዳ አይቼ ተመለስሁ።

“ተዋት” አለች አንጓች። “እኔ አስተምራታለሁ።”

አስተማረቻትም። መደቡ ላይ ትዋብ፣ ከፊት ለፊቷ እናቷ፣ በመካከላቸው ጥቁር ሰሌዳ። አንጓች ስታስተምር ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ ግን አንድ ነገር ላይ ምሕረት የላትም ነበር። ያላየሽውን አየሁ አትበይ ትላለች። አንድ ቀን ትዋብ “አንበሳ ጎፈሬ አለው” ብላ ጻፈች።

“አንበሳ አይተሻል?” አለች እናቷ።

“አላየሁም።”

“እንግዲያውስ አጥፊና ‘አንበሳ ጎፈሬ አለው ይላሉ’ ብለሽ ጻፊ።”

ልጅቱ አጠፋች፣ ጻፈች። ቤታችን ውስጥ “ይላሉ” የማይጨመርበት ነገር ጥቂት ነበር፤ እሳት፣ ዝናብ፣ የእኔ ገመድ፣ የይታገሱ መቃብር።

ትዋብ ስታድግ ልቧ ወደ ቦዩ ሄደ። ከተማችን የምትኖረው ከተራራው በሚወርድ አንድ ቦይ ነው፤ ውሃውን ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍል ሰው የውሃ ዳኛ ይባላል። የነበረው ዳኛ አርጅቶ አረፈና ቦታው ባዶ ቀረ፤ ገበሬውም ውሃውን በዶማ መካፈል ጀመረ። ትዋብ ከልጅነቷ ጀምሮ ቦዩ ዳር ቆማ ትውል ስለነበር የማን ተራ መቼ እንደሆነ ታውቃለች። “አባዬ፣ እኔ እኮ እችለዋለሁ” አለችኝ። ይህች ልጅ ጫማ እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም። ጠይቃን የምታውቀው ይህንን ብቻ ነው።

ሹሙ ፊት ቀረበች።

“አጠገብሽ ማን ተቀመጠ?”

“ማንም አልተቀመጠም፣ ጌታዬ።”

እውነቱን ነገረችው፤ እንደተማረችው። ወደ ቤት መጣች፣ መደቡ ላይ ቁጭ አለች፣ ምሳዋን ሳትነካ መሸ።

እንደ እኛ ልጆቻቸውን ቤት ያስተማሩ ብዙ ነበሩ። ከሁሉም ቁጡው ጎረቤታችን አቶ ጌጡ ነው። ልጆቹ ሁሉ የተወለዱት ሌላ ሰው ባልወለደበት ዓመት በመሆኑ አንድም ጥንድ አላገኘ። “ሚስቴ እንድትወልድ ከሰፈሩ ጋር መመካከር ነበረብኝ?” እያለ ሸንጎ ፊት ጮኸ። ሸንጎው በደንብ ሰማው። የእኛ ሸንጎ ለመስማት ብቻ የተቀጠሩ ሰዎች አሉት፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፣ ሲደክማቸው በሌላ ይተካሉ።

ቆይቶ ሕግ ወጣ፤ አዋጅ ነጋሪው ገበያ መካከል ቆሞ አሰማ። ቤት የተማረን ሰው ከእንግዲህ ጎዶሎ ብሎ መጥራት ክልክል ነው፣ “ጥንድ ጠባቂ” ይባላል፤ ይህን የተላለፈ ፀሐይ ላይ በአንድ እግሩ ይቆማል። ከዚህም በላይ ጥንድ ጠባቂ ሥራ ሲጠይቅ ትምህርት ቤት ከተማረ ሰው ምንም ልዩነት ሳይደረግበት እኩል ይስተናገዳል። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ጌጡ በግ አረደ።

በማግስቱ የጌጡ የበኩር ልጅ ሹሙ ዘንድ ሄደ። ማንያዘዋል ከመቀመጫው ተነስቶ ተቀበለው፣ ትራስ አቀረበለት፣ አንቱ አለው። ከዚያም ምንም ልዩነት ሳያደርግ ጠየቀው።

“አጠገብዎ ማን ተቀመጠ?”

ልጁ ተመለሰ። በጉ ግን ተበልቶ ነበር።

“ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን” ብሎ አቶ ጌጡ እንደገና ሸንጎ ወጣ። ሸንጎው በዚህ ጊዜ አዘነበት። እኩል እንሁን አላችሁ፣ እኩል አደረግናችሁ፣ እኩል ተጠየቃችሁ፤ አሁን ደግሞ ከሌላው ተለይተን አንጠየቅ ስትሉ አድልዎ መጠየቃችሁ አይደለም ወይ አሉት።  አቶ ጌጡ በሳምንቱ ቤቱን ሸጦ ልጆቹን አስከትሎ ከአገር ወጣ። ሲሰናበተኝ “በአንድ እግራቸው የቆሙትን ሰዎች አይተሃቸዋል? እነሱም እኮ ያዘነብላሉ” አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅሁም።

ትዋብ ከእኔ ጋር ገመድ መግመድ ጀመረች። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለሆነ የገመደችው ሁሉ ይላላል፤ እኔ እሷ ሳታይ ፈትቼ እገምደዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አላስችል አለኝና ማንያዘዋል ቤት ሄድሁ። ምሰሶ ተደግፎ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ ጉዳዬን ነገርሁት። እሱም ለማሰብ እንዲመቸው ወደ እኔ ጠጋ አለና እንደ ልማዱ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ቦታውን ያውቀዋል።

“አገኘሁት” አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። “ይታገሱ።”

“ይታገሱ ምን ሆነ?”

“ጎኑ የሞተበት ሰው ምን ያደርጋል? የሟቹ እናት መቃብሩ ላይ ቆማ በእሱ ፋንታ ትምልለታለች። የቆየ ወጋችን ነው። ሕጉ ደግሞ ለሌላው የተፈቀደ ሁሉ ለእናንተም ይሁን ይላል። ጥንድ ነበሩ፣ አንዱ ሞተ፣ አንጓች ትማል።”

“አብረው አልተቀመጡም እኮ።”

“በማህፀን አልተቀመጡም?”

“ማህፀን ወንበር ነው እንዴ?”

“ወጉ የት ተቀመጠ አይልም። ተቀምጦ ተምሯል ማለት ነው የሚያስፈልገው።”

“ልጁ ሀ ሳይል ነው የሞተው፣ ማንያዘዋል።”

አሁን ቀና ብሎ አየኝ። “ጎኔ” አለኝ ለስለስ ብሎ፣ “እኔስ ሀ ብያለሁ? ምለህልኛል እኮ።”

 ለመቀመጡ ነበር የማልሁት፤ መቀመጡን ደግሞ ትከሻዬ ይመሰክራል።

ቤት ስደርስ አንጓች ምስር ትለቅም ነበር። ነገርኋት። እጇ አልቆመም።

“ምን ብዬ ነው የምምለው?”

“ከእህቱ አጠገብ ተቀምጦ ተምሯል ብለሽ።”

“ሞቶ ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“አንተ ነህ ተሸክመህ የሄድኸው።”

“አውቃለሁ፣ አንጓች።”

ትዋብ ከጓዳ ወጣች። ሰምታለች። “እማዬ፣ አትማይ” አለች። “ይቅርብኝ። ገመድም ሥራ ነው።” ይህን ስትል እጇ ላይ የያዘችው ገመድ መሃሉ ላልቶ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሦስታችንም አየነው።

ነገሩ በዚያው ሊቀር ነበር። ግን ቦዩ ላይ እንደገና ጠብ ተነሳና አንድ ሰው በዶማ ተፈነከተ። በቃሬዛ ተሸክመውት በደጃችን ሲያልፉ ትዋብ ወጥታ አየችው። “የእሱ ተራ ነበር” አለች። “ዛሬ የእሱ ተራ ነበር፤ አንድ ሰው ቢነግራቸው ኖሮ።” ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አልገደዳትም። አንጓች ከበሩ ውስጥ ቆማ ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

“ሹሙን ጥራው” አለችኝ።

ጠዋት ነበር። ማንያዘዋል ትራሱን አሲዞ መጣ፤ አዋጅ ነጋሪውና ሰፈሩ ተከተሉት። የይታገሱ መቃብር ከወይራ ሥር ነው፤ አጭር ነው፣ ሰው ካልተጠነቀቀ ረግጦት ያልፋል። ከትምህርት ቤቱ አንድ አግዳሚ ወንበር አምጥተው ከጎኑ አስቀመጡ። ትዋብን አንደኛው ጫፍ ላይ እንድትቀመጥ አደረጓት። ወንበሩ ወደ እሷ አዘነበለ። አዋጅ ነጋሪው ዞር ዞር ብሎ አንድ ድንጋይ አገኘና በሌላኛው ጫፍ አስቀመጠ፤ ያኔ ቀጥ አለ።

አንጓች ድንጋዩን አየች። ይታገሱ ሲሞት ምን ያህል ይከብድ እንደነበር እኔና እሷ እናውቃለን። ድንጋዩ ከእሱ ብዙም አይከብድም።

“በይ፣ እህቴ” አላት ማንያዘዋል። አሁንም ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ወንበሩን በመዳፏ መታች። “ልጄ ይታገሱ ከእህቱ አጠገብ ተቀምጦ ተምሯል” አለች።

ወጉ መድገምን ይጠይቃል፤ ደገመችው። አሁንም ድገሚ አሏት። በመጨረሻው ላይ ትዋብ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። አንጓች ግን ቃሏ አልተሰበረም። ፊደል ስታስቆጥር በምትናገርበት በዚያው ድምፅ ነው የማለችው፤ እኔን ያስለቀሰኝም እሱ ነው።

ትዋብ የውሃ ዳኛ ሆነች። በዚያው ቀን አዋጅ ነጋሪው ከተማውን ዞሮ ሁለት ተመራቂ አበሰረ። የተመራቂ ጎን ያው ተመራቂ ነውና፤ አንዱን ለይቶ መተው ደግሞ አዲሱን ሕግ መጣስ ይሆናል። ጎረቤቶቻችን ዳቦ ይዘው መጡ። ይታገሱ የሞተ ጊዜ ሊያስተዛዝኑን መጥተው በተቀመጡበት ቦታ ተቀምጠው “እንኳን ደስ ያላችሁ፣ የሁለቱንም ምርቃት አሳያችሁ” አሉን። አንዲት አሮጊት የትኛውን ማድረግ እንዳለባት ስላልገባት መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ እልል አለች። አልፈረድሁባትም።

ክረምቱ ሲወጣ ሥራ ያልያዙ ተመራቂዎች ሁሉ ለመንገድ ሥራ ተጠሩ፤ ይታገሱም ተጠራ። ሞቷል ብዬ አመለከትሁ። መሞቱን እንደሚያውቁና እንደሚያዝኑ፣ ነገር ግን ቤት የተማረን ሰው በማናቸውም ምክንያት ለይቶ ማስቀረት እንደማይቻል ገለጹልኝ። ስለዚህ እኔ እሄድለታለሁ። ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራሉ፤ “ይታገሱ!” ሲሉ “አቤት” እላለሁ፣ ከዚያ ድንጋይ እፈልጣለሁ። መጀመሪያ ላይ አቤት ለማለት እዘገይ ነበር። አሁን ሌላ ሰው በራሴ ስም ሲጠራኝ ነው የምዘገየው።

ሸንጎው በሕጉ ረክቷል። ጥንድ ጠባቂዎች እየተመረቁ መሆናቸው በየገበያው ይነገራል፤ ማንያዘዋልም ሁለተኛ ትራስ ተሸልሟል። ጎን የሞተላቸው ሌሎች ቤተሰቦችም በየመቃብሩ ይምላሉ። ማንም ያልሞተባቸው ግን እንደተቀመጡ ናቸው። አንዲት እናት ደጄ መጥታ “እናንተስ ዕድለኞች ናችሁ” አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው።

ቦዩ ሰላም ነው። ትዋብ ተራ አትስትም፤ ሀብታም ሲጮህባት ድሃ ሲለምናት ፊቷ አንድ ነው። ገበሬዎቹ ይወዷታል። ቤት ስትገባ ግን ከእናቷ ጋር ብዙ አይነጋገሩም ነበር። አንጓች ከመሐላው ወዲህ አንድም ነገር “ይላሉ” ብላ አታውቅም፤ ሰው ያወራትን ሁሉ እሺ ትላለች። ገበያ ላይ እባብ እንቁላል ሲፈለፍል አየሁ ያላትን ሰው እንኳ አየኸው ወይ ሳትል አሳለፈችው። ያን ጊዜ ፈራሁ።

አንድ ጠዋት ጥቁሩን ሰሌዳ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ገበያ የሄደች መስሎኝ ነበር፤ ሰሌዳ ይዞ ገበያ ምን ይሠራል ብዬ ተከተልኋት። ወይራው ሥር ደርሳ ነጠላዋን አነጠፈች፣ ከመቃብሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አቆመችና በዚያ ከፍ በማይል ድምፅዋ ጀመረች።

“ሀ” አለች። ጠበቀች። “ሁ” አለች።

ቀረብ ብዬ ቆምሁ። “አንጓች፣ ምን እያደረግሽ ነው?”

ቀና ብላ አላየችኝም። “ተምሯል ብዬ ምያለሁ” አለች። “እንግዲህ ይማር።”

  ዞር ብዬ ወደ ቤት ሄድሁና የገመድ ሥራዬን ተሸክሜ ተመለስሁ፤ ወይራው ጥላ አለው።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነን። መንገድ ሥራ በማይጠራኝ ቀን እዚያ እውላለሁ። ይታገሱ ፊደሉን ጨርሶ ንባብ ጀምሯል። አንጓች አትቸኩልም፤ አልገባውም ብላ ያሰበችውን ትደግምለታለች። ባለፈው አንበሳው ላይ ደርሰው ነበር። “አንበሳ አይተሃል?” አለችው። ቆየችና “እንግዲያውስ ይላሉ በል” አለች። ያን ቃል ከአፏ ስሰማ ገመዱን አስቀምጬ ፊቴን አዞርሁ።

ትዋብ የከሰዓቱን ውሃ ለቅቃ ስትጨርስ፣ እግሯ ጭቃ እንደያዘ ትመጣለች። ወንበሩን መልሰው ወስደውታል፤ መሬቱ ላይ ትቀመጣለች፣ ከወንድሟ አጠገብ። አንጓች ሁለቱንም ትጠይቃለች። መጀመሪያ ትዋብን ትጠይቃታለች፣ ትዋብም ልጅ ሆና በተማረችው አኳኋን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትመልሳለች። ቀጥሎ የእሱ ተራ ነው። ትዋብ መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ተራ የምታውቅ ልጅ ናት፣ አትቀድመውም። እናቱም አትቸኩልበትም። ሦስታችንም ዝም ብለን እንጠብቀዋለን።